የሠፈር ሙዚቀኞችን ሲደግፍ የቆየ ፕሮጀክት እንዴት ይዘጋል? ከውሳኔው እስከ መጨረሻው ርክክብ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ ተረጋግጦ የምሽት ክበቦች እንዲዘጉ ሲታዘዝ፣ ኑሯቸውን በየምሽቱ በሚያገኙት ክፍያና ሽልማት ይመሩ የነበሩ ሙዚቀኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቢ አልባ ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ሠፈር ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን ለጎረቤት ሙዚቀኞቻችን የአስቤዛ ገንዘብ ማዋጣት የጀመርነው ያን ጊዜ ነበር። ገደቡ ከተነሣም በኋላ ሥራው አልቆመም፤ በወር አንድ ምሽት በአዳራሽ የቀጥታ ሙዚቃ ማቅረብ፣ መሣሪያ ለሌላቸው ወጣቶች ክራርና ማሲንቆ፣ ኪቦርድና ማይክ ማዋስ፣ የታመመን መደጎምና የአንጋፋ አዝማሪዎችን ጨዋታ መቅረጽ ተጨመረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምንጠቀምበት አዳራሽ ሲፈርስ፣ ሠፈርተኛው ወደተለያየ የከተማው ዳርቻ ሲበተንና ሥራውን በነፃ የምንሠራው ሰዎች ሦስት ብቻ ስንቀር ለመዝጋት ወሰንን።

መዝጊያው አሥር ወር ወሰደብን። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አራቱን ወር ያባከንነው ሥራዎቹን በተሳሳተ ቅደም ተከተል በመሥራታችን ነው፤ በመጀመሪያ ለለጋሾች የሚላከውን ሪፖርት ስናሳምር ቆይተን፣ ያልተከፈላቸው ሙዚቀኞች እንዳሉ ያወቅነው በመጨረሻ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሌላ ጊዜ ብዘጋ የምከተለውን ቅደም ተከተል ሲሆን፣ መነሻውም አንድ ነው፤ በፕሮጀክቱ እጅ የሚገኝ ማንኛውም የሙዚቀኛ ነገር፣ ማለትም ያልተከፈለ ክፍያው፣ የዕቁብ ገንዘቡ፣ የተቀረጸ ድምፁና ያስጠገነው መሣሪያ፣ ከቢሮ፣ ከለጋሽና ከኮሚቴ ጉዳይ ሁሉ ቀድሞ መመለስ አለበት።

አንደኛ፦ በሕግ ፊት ምን እንደሆናችሁ ለዩ

የመዝጊያው መንገድ የሚወሰነው ፕሮጀክቱ በማን ስም እንደሚሠራ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ድርጅት ከሆናችሁ፣ የመፍረሱን ውሳኔ የሚሰጠው በመተዳደሪያ ደንቡ ሥልጣን የተሰጠው አካል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ውሳኔው ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይቀርባል፣ ሒሳብ ይጣራል፣ ከዚያም ስማችሁ ከመዝገብ ይሰረዛል። ድርጅቱ ለትርፍ የተቋቋመ ባለመሆኑ ዕዳ ተከፍሎ የተረፈውን ገንዘብና ንብረት አባላት ሊከፋፈሉት አይችሉም። «ብዙ ዓመት በነፃ አገልግለናልና ላፕቶፑን አንዳችን እንውሰደው» የሚል ሐሳብ በቅንነትም ቢነሣ ተቀባይነት የለውም።

ፕሮጀክቱ ራሱን ችሎ ያልተመዘገበ፣ ነገር ግን በአንድ የተመዘገበ ማኅበር ወይም በዕድር ጥላ ሥር የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የሚዘጋው ድርጅቱ ሳይሆን ሥራው ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ገንዘቡም ንብረቱም የጥላው ድርጅት ስለሆነ ማንኛውም ስጦታ ወይም ሽያጭ የእርሱን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስተኛው ዓይነት፣ እኛም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የነበርንበት፣ ምንም ምዝገባ ሳይኖረው በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች የጋራ የባንክ ሒሳብ የሚንቀሳቀስ ስብስብ ነው። ይህ ለመዝጋት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ዕዳ ቢገኝ ባለ ዕዳ ተብለው የሚጠየቁት ስማቸው በሒሳቡና በውሉ ላይ የተጻፈው ግለሰቦች በመሆናቸው፣ ከሁሉም ይልቅ በጽሑፍ የተደገፈ ርክክብ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛ፦ የመዝጊያውን ቀን በሙዚቀኛው ዓመት ቁረጡ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ሒሳብን በዚያ ቀን መዝጋት ለኦዲትም ለሪፖርትም ይመቻል። ነገር ግን ሙዚቀኛው የሚኖርበት ዓመት ሌላ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ የሠርግ ሥራ ይበዛል፤ በ55ቱ የጾም ቀናት ሠርግም የአዝማሪ ቤት ጨዋታም ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ሥራው ይመለሳል፤ ከዚያ ክረምቱ ይገባል። ድጋፍን በጾም መግቢያ ወይም በሐምሌ ማቆም ማለት ሰውየውን ሌላ ገቢ በሌለው ጊዜ ላይ መተው ነው።

እኔ የምመክረው አቆጣጠር የሚከተለው ነው። ውሳኔው በኅዳር ይወሰን፣ ለሙዚቀኞቹም በዚያው ወር ይነገር፣ በጥር ሠርግ የሚያገኙትን ገንዘብ መዝጊያውን አውቀው እንዲያቅዱበት። ወርሃዊው ድጎማ ጾሙ እስኪያልቅ ሳይቀነስ ይቀጥል። የመጨረሻው ምሽት ከፋሲካ በኋላ ይደረግ፣ ሒሳቡ ሰኔ 30 ይዘጋ፣ ክረምቱ ደግሞ ለቅጂዎችና ለሰነዶች ሥራ ይዋል። የገንዘብ እጥረት ይህን ያህል ጊዜ የማይሰጣችሁ ከሆነ፣ ከማንኛውም ወጪ በፊት የጾሙን ወራት ድጎማ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፦ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አጽኑ

ምልዐተ ጉባኤው በተሟላበት ስብሰባ የሚጻፈው ቃለ ጉባኤ ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የምታሳዩት ዋና ሰነድ ስለሆነ፣ «ፕሮጀክቱ እንዲዘጋ ተወስኗል» በሚል አንድ መስመር መቅረት የለበትም። የተወሰነበት ምክንያት፣ ሥራ የሚቆምበት ቀን፣ ሒሳብ የሚያጣሩት ሰዎች ሙሉ ስም፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ እስከ መዝጊያው የሚፈርሙት፣ ቀሪ ንብረት ለማን እንደሚተላለፍና ያ ተቀባይ ባይቀበል ተለዋጩ ማን እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። የኛ የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ሒሳቡን የሚዘጋውን ሰው ስም ስላልጠቀሰ ባንኩ መለሰን፤ አባላትን እንደገና ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ግዴታ አትግቡ፤ አዲስ ተማሪ አትመዝግቡ፣ አዲስ የመሣሪያ ውሰት አትስጡ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀብድ አትቀበሉ።

አራተኛ፦ ለሙዚቀኞቹ በአካል ንገሩ

በዚህ ላይ የሠራነውን ስሕተት ሳልሸሽግ ልጻፈው። ውሳኔው በተወሰነ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ለሙዚቀኞቹ ገና ሳንናገር፣ ከኮሚቴው አንዱ ለአዳራሹ አስተናጋጆች ነገራቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማሲንቆ የተጫወቱ አንድ አባት ወሬውን የሰሙት ቡና ካቀረበችላቸው ልጅ ነበር። ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ እኔ ልሰማ የሚገባኝ ከእናንተ አፍ አልነበረም ወይ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በመጀመሪያ ኑሯቸው በድጎማው ላይ ለተመሠረተ አንጋፋዎችና ሕሙማን፣ ቤታቸው ድረስ ሁለት ሰው ሄዶ ይንገር። ጋሼ፣ እትዬ እያላችሁ ስትጠሯቸው የኖራችኋቸውን ሰዎች በአጭር የስልክ መልእክት ማሰናበት ክብራቸውን መንካት ነው። ቀጥሎ በአንድ ቀን ሁሉም ሙዚቀኞች ተጠርተው በስብሰባ ይሰሙ። ከዚያ በኋላ አዳራሽና ሆቴል ለሰጡን፣ ለለጋሾች፣ ለወረዳው ባህልና ኪነ ጥበብ ክፍል፣ በመጨረሻም ለታዳሚው ይነገር። በስብሰባው ላይ የምታነቡትና በእጃቸው የምትሰጡት ደብዳቤ አጭርና የማያሻማ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለተከበራችሁ የፕሮጀክታችን ሙዚቀኞች። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር ___ ቀን ባደረገው ስብሰባ ፕሮጀክቱ ሰኔ 30 ቀን እንዲዘጋ ወስኗል። ወርሃዊው ድጎማ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሳይቀነስ ይከፈላል። ከዚህ በፊት ለሠራችሁት ሥራ ያልተከፈለ ክፍያ ካለ እስከ ጥር 30 ቀን ድረስ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ ደረሰኝ ወይም ውል ባይኖራችሁም ቀኑንና ቦታውን ብትነግሩን ከመዝገባችን እናመሳክራለን። በውሰት የያዛችሁት መሣሪያ እንዴት እንደሚሆን ከእያንዳንዳችሁ ጋር ለብቻ እንነጋገራለን። የተቀረጸው ድምፃችሁ ያለ ፈቃዳችሁ ለማንም አይተላለፍም።»

በደብዳቤው ውስጥ «ምናልባት እንቀጥል ይሆናል» የሚል ቃል አታስገቡ። ተስፋ የተሰጠው ሙዚቀኛ ሌላ ቦታ የቀረበለትን የቋሚ ምሽት ሥራ ሊያሳልፍ ይችላል።

አምስተኛ፦ ዕዳችሁን ፈልጋችሁ ክፈሉ

የሙዚቃ ሥራ ክፍያ በአብዛኛው በቃል ስምምነትና በቀብድ ስለሚካሄድ፣ በመዝገብ የሌለ ዕዳ መኖሩ የማይቀር ነው። የየምሽቱን የፕሮግራም ዝርዝር አንድ በአንድ አውጡና በዚያ ምሽት የተጫወተ እያንዳንዱ ሰው የተከፈለው በማን እጅ እንደሆነ ጻፉ። ቡድን ሲሆን ጉዳዩ ይወሳሰባል፤ ገንዘቡ ለባንዱ መሪ ተሰጥቶ ለከበሮ መቺው ወይም ለአጃቢ ድምፃዊቷ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሕግ ክፍያውን ፈጽማችሁ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለቱን ወገን አገናኝታችሁ ማነጋገር የሚገባችሁ ይመስለኛል፤ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ያ ሰው የሚሄድበት ቦታ የለውም። የባንክ ሒሳብ ለሌላቸው በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ ጥቅሙም መከፈሉን የሚያሳይ መልእክት በሁለቱም ስልክ ላይ መቅረቱ ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ግን ያለ ፊርማ አትስጡ።

ደመወዝተኛ ሠራተኛ ካላችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በእጃችሁ ያዙ። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ውሉ ይቋረጣል፣ ሠራተኛውም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚህ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ የሚታሰብ ሲሆን፣ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በመዘጋት ምክንያት ለሚሰናበት ደግሞ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ በተጨማሪ ይከፈላል። ለምሳሌ የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነና ሦስት ዓመት ያገለገለ የድምፅ ባለሙያ ቢኖር፣ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 4,000፣ በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ 12,000፣ በድምሩ 22,000 ብር ይከፈለዋል ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ተተምኖ ይጨመራል፤ የሥራ ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ከደመወዙ የተቀነሰው የ7 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ያለ ውዝፍ መግባቱን አረጋግጡ፤ ይህ ሳይጠናቀቅ ሠራተኛውን ማሰናበት ከዓመታት በኋላ በጡረታው ላይ የሚደርስበትን ጉዳት አሁን መፍጠር ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከመጀመሪያው ለይታችሁ ካላስቀመጣችሁ የመጨረሻውን ምሽት ድግስ አታስቡ።

ስድስተኛ፦ ዕቁቡና የሕመም መረዳጃው

ሙዚቀኞች በፕሮጀክቱ ዙሪያ ዕቁብ መጣላቸው የተለመደ ነው፤ ፕሮጀክቱ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ኃላፊነቱ ከባድ ነው። ዕቁብ በመካከል አይቋረጥም። በየሳምንቱ የሚጣል የ24 ሰው ዕቁብ የመጨረሻው ዕጣ እስኪወጣ 24 ሳምንት ይፈጃል፤ ዕጣቸው አስቀድሞ የወጣላቸው ገንዘቡን ተጠቅመውበታል፣ ያልወጣላቸው ግን የሚጠብቁት ሌሎች በሚከፍሉት ላይ ነው። ስለዚህ የዕቁቡን የመጨረሻ ዕጣ ቀን ከመዝጊያው ቀን ጋር አስተያዩት። ዙሩ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ አዲስ ዙር እንዳይጀመር ንገሩ፤ የማያልቅ ከሆነ ዕቁብተኞቹ የራሳቸውን ዳኛና ጸሐፊ መርጠው፣ መዝገቡንና የዋሶችን ፊርማ ከእናንተ ተረክበው እንዲቀጥሉ አድርጉ።

ለሕመምና ለሐዘን የተጠራቀመው ገንዘብ ሌላ ነው። እኛ ቀሪውን ገንዘብ አብዛኞቹ ሙዚቀኞች አባል ወደሆኑበት ዕድር እናስገባ ብለን ተነሥተን ነበር፤ ሲጣራ ግን ከመካከላቸው ሰባቱ መዋጮ ባለመክፈላቸው ከዕድሩ ተሰርዘው ተገኙ። በዚህም የተነሣ በመጀመሪያ የእነርሱን ውዝፍ ከፍለን ወደ አባልነት መለስናቸው፣ የቀረውን ደግሞ አስተላለፍን። ይህ ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም የምደሰትበት ነው፤ ፕሮጀክቱ ባይኖርም ሰው ሲሞትባቸው ድንኳን የሚተክልላቸው አለ።

ሰባተኛ፦ መሣሪያዎቹን ለሚጫወትባቸው ስጡ

የንብረት ቆጠራውን ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ከመጋዘን ብቻ ሳይሆን በውሰት ከሄደበት ቤት ሁሉ ሄዳችሁ ሥሩ። እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደመጣ ለዩ፤ በፕሮጀክቱ ገንዘብ የተገዛ፣ በስጦታ የተገኘ፣ በአደራ የተቀመጠ ወይም ከውጭ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ሚክሰር ወይም ስፒከር ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ሊሸጥ ወይም ሊሰጥ አይችልም፤ ቀረጡን መክፈል ሊጠየቅበት ይችላል። በአደራ የተቀመጠውን ለባለቤቱ፣ ባለቤቱ ካረፈ ለወራሾቹ መልሱ።

የቀረውን ስታከፋፍሉ ሁሉንም ሰብስቦ ለአንድ ትልቅ ተቋም መስጠት የሚያጓጓው ርክክቡ በአንድ ፊርማ ስለሚያልቅ ነው። እኔ ግን የባህል መሣሪያዎችን በሚመለከት ይህን አልደግፍም። የማሲንቆ ፊቱ ቆዳ ነው፣ ጭራው የፈረስ ነው፤ ሳይነካ በቆመበት ዕቃ ቤት ውስጥ እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ ድርቀት ይሰነጥቀዋል፣ የደጋኑ ፀጉርም ይበጣጠሳል። ለሁለት ዓመት የተማረበትን ክራር ከአንድ ወጣት እጅ ወስዶ በመጋዘን ማስቀመጥ መሣሪያውንም ተጫዋቹንም ማጣት ነው። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንባችሁና የንብረቱ ሁኔታ እስከፈቀዱ ድረስ፣ በውሰት የያዙትን ተማሪዎች በማስተማር ሥራ ላይ ለሚገኝና ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ማኅበር ንብረቱን አስተላልፉና፣ መሣሪያው በተማሪው እጅ እንዲቆይ በርክክቡ ላይ አጽፉ። የድምፅ ማጉያ ዕቃዎች፣ ማለትም አምፕሊፋየር፣ ስፒከር፣ የማይክ ማቆሚያና ኬብል፣ በአንድነት ሲሆኑ ብቻ የሚጠቅሙ ስለሆኑ አይበታተኑ። በርክክብ ሰነዱ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ ያለበት ሁኔታና ጉድለቱ ይጻፍ፤ የማይሠራን ማይክ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ብሎ ማስረከብ ተረካቢውን በመጀመሪያው ምሽቱ ማዋረድ ነው።

ስምንተኛ፦ የተቀረጸው ድምፅ

ጊዜያችሁን ሳትሰስቱ መስጠት ያለባችሁ ለዚህ ክፍል ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኙ፣ ማለትም ዘፋኙ ወይም መሣሪያ ተጫዋቹ፣ በክወናው (ባቀረበው ጨዋታ) ላይ የራሱ መብት አለው፤ ጥበቃውም ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ይህ ማለት ካሜራውና መቅረጫው የፕሮጀክቱ መሆናቸው ጨዋታውን የፕሮጀክቱ አያደርገውም፤ ለቤተ መዛግብት ለመስጠት ወይም በኢንተርኔት ለመልቀቅ የተጫዋቹ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን አሁን፣ ሰዎቹ በቅርብ እያሉ ሰብስቡ። ማንበብ ለማይችሉ ጽሑፉ ተነቦላቸው፣ እነርሱ የሚያምኑት ምስክር ባለበት ይፈርሙ። ፈቃዱም ተነጣጥሎ ይጠየቅ፤ ለጥናት እንዲቀመጥ የፈቀደ ሰው በይፋ እንዲለቀቅ ላይፈቅድ ይችላል።

የአዝማሪ ጨዋታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታዳሚው «ተቀበል» እያለ በሚሰጠው ግጥም ውስጥ በስም የተወደሱ፣ የተነኩና የተተረቡ በሕይወት ያሉ ሰዎች አሉ። በምሽቱ በሳቅ ያለፈው ስንኝ በቅጂ ሆኖ ሲቀመጥ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ሰምና ወርቁን ሳይለይ ሰምቶ በተጫዋቹ ላይ የሚነሣ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያሉትን ቅጂዎች ለዩና ከተጫዋቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፤ ለተወሰነ ዓመት ተዘግተው እንዲቀመጡ ማድረግ ይቻላል። አታጥፏቸው።

እያንዳንዱ ቅጂ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ፣ ቀኑና ቦታው፣ መሣሪያዎቹና የዘፈኑ መጠሪያ፣ ከተቻለም ቅኝቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ መሆኑ ተጽፎለት ይቀመጥ። ይህን የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለሆኑ መረጃው የሚሞላው ከእነርሱ ጋር ነው፤ እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሦስት አዛውንቶች ጋር ተቀምጠን አርባ ያህል ስም የሌላቸው ቅጂዎችን ለየን። የድምፁ ዋና ቅጂ ሳይጨመቅ በዌቭ ፎርማት በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቆይ። ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ የራሱን ቅጂ በፍላሽ ስጡት፤ ስማርት ስልክ ካለው በስልኩም ጫኑለት። ለዘለቄታው ማስቀመጫ በመጀመሪያ የሚታሰቡት ብዙዎቻችን እስካሁን ወመዘክር እያልን የምንጠራው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ናቸው። የሚቀበሉበትን ሁኔታ አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ የርክክቡን ውል ከመፈረማችሁ በፊትም ማን ሊያዳምጥ እንደሚችልና ሙዚቀኛው ወይም ቤተሰቡ ቅጂ ሲጠይቅ እንደሚሰጠው በውሉ ውስጥ መኖሩን አንብቡ።

ዘጠነኛ፦ ስልክ ቁጥሮችና የሥራ መስመሮች

አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በቆጠራ የማይገኘው ንብረቱ ለሙዚቀኛ የሚደውሉት ሰዎች ናቸው፤ የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፣ የሠርግ አዘጋጇ፣ በበዓል ሰሞን ባንድ የሚፈልገው ማኅበር። ለእያንዳንዳቸው ደውላችሁ ከዚህ በኋላ ሥራ ሲኖር በቀጥታ የሚያገኙትን ሙዚቀኛ ወይም የባንድ መሪ አስተዋውቁ፤ ሁለቱ አንድ ጊዜ በአካል ቢገናኙ ይመረጣል። ሙዚቀኛው ዋጋ መደራደር፣ ቀብድ መቀበልና አጭር ውል መጻፍ የለመደው በእናንተ በኩል ከሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ራሱ እንዲያደርገው አብራችሁት ተቀመጡ።

የሙዚቀኞችንና የታዳሚዎችን የስልክ ዝርዝር ግን እንዳለ ለሌላ ድርጅት አታስተላልፉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መጠቀምን ይጠይቃል። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የፈቀዱትን አስተላልፉ፣ የቀረውን ደምስሱ። የሕመም ድጎማ ለማግኘት ያቀረቧቸውን የሕክምና ወረቀቶች ለባለቤቶቹ መልሱ።

አሥረኛ፦ የመጨረሻው ምሽት

በግንቦት ቅዳሜና እሑድ ሙዚቀኛ ሁሉ ሠርግ ላይ ስለሚሆን የስንብቱን ምሽት በሥራ ቀን አድርጉት። ሁሉም ተጫዋች እንደ ሌላው ጊዜ ይከፈለው፤ «የመጨረሻችን ነውና በነፃ ተጫወቱልን» ማለት እስከዛሬ ስንሟገትለት የነበረውን ነገር በገዛ እጃችን ማፍረስ ነው። በመድረክ ላይ የሚሰጥ ሽልማት ለተጫዋቹ እንጂ ለፕሮጀክቱ አይደለም። ንግግር ይጠር፤ የእኛ ሦስት ደቂቃ ነበር፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተዘፈነ።

አሥራ አንደኛ፦ ሒሳብና መዝገብ

ሁሉም ክፍያ ከተጠናቀቀ በኋላ የቀረው ሥራ ቅደም ተከተሉ ካልተዛባ ብዙ አያስቸግርም። ኦዲቱ ተሠርቶ ሪፖርቱ ይጽደቅ፤ የግብር ጉዳይ ከገቢዎች ተጣርቶ ማረጋገጫ ይወሰድ፤ የለጋሾች የመጨረሻ ሪፖርት ይላክ፤ ቀሪ ገንዘብ ይተላለፍ፤ የባንክ ሒሳቡ ይዘጋ፤ ማኅተሙ ይመለስ ወይም በቃለ ጉባኤ ይወገድ፤ የመዝገብ ስረዛው ማስረጃ ይወሰድ። የባንክ ሒሳቡን ከኦዲቱ በፊት የሚዘጉ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ኦዲተሩ የሚከፈልበት ሒሳብ ይጠፋል፣ ዘግይቶ የሚመጣ የለጋሽ ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል።

ደረሰኞችን፣ ውሎችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና የርክክብ ሰነዶችን እኔ ለአሥር ዓመት እንዲቀመጡ እመክራለሁ፤ ያሉበት ቤትና የሚጠብቃቸው ሰው ስም ለሁሉም የኮሚቴ አባላት ይነገር። የፕሮጀክቱ ስልክ ቁጥርም ወዲያውኑ አይዘጋ። የእኛ ቁጥር ከመዝጊያው በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት የኮሚቴ አባል እጅ ቆየ፤ በዚያ ዓመት ከደወሉት መካከል የአባታቸውን የማሲንቆ ጨዋታ ቅጂ የሚፈልጉ የአንድ ሟች ሙዚቀኛ ልጆች ነበሩ፣ የሚሄዱበትንም ቦታ ልትነግራቸው ቻለች።